የስካውቶቹ የሽልማት ምሽት



የሠፈራችን ወጣት ስካውቶች በየዓመቱ የሽልማትና የገቢ ማሰባሰቢያ ራት ያዘጋጃሉ። ባለፈው ዓመት የለጋሾችን ስምና የሰጡትን ብር በድምፅ ማጉያ እየጠራን ሳለ፣ አንድ አባት የልጃቸው ሽልማት ሳይደርስ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ጥፋቱ የእኛ ነበር።

በረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ሶሐባው አቡ ዐቂል ግማሽ ሷዕ፣ ሁለት እፍኝ ያህል፣ ተምር ለሰደቃ ቢያመጡ ሙናፊቆች ተሳለቁባቸው። ብዙ የሰጠውንም «ለይዩልኝ ነው» አሉት። አላህ በሱረቱ ተውባ 79ኛ አንቀጽ ተሳላቂዎቹን ወቀሰ።

እንግዲህ ዘንድሮ ሽልማቱ ይቅደም፤ ሰደቃው በተዘጋ ሣጥን ይሰብሰብ። ልጆቻችን ድንኳን መትከልን ብቻ ሳይሆን የሰውን ክብር መጠበቅንም ከእኛ ይማሩ። አላህ ይወፍቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም።