የሦስት ጽጌረዳዎች ሕመም
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



ስለ መንገድና ስለ ድልድይ መስማት በለመድንበት በዚህ መድረክ ስለ ጽጌረዳ ብናገር እንግዳ ነገር እንዳይሆንባችሁ አደራ እላለሁ። ነገሩ የአበባ ብቻ አይደለምና።

በአዲስ አበባ፣ በቦሌ በኩል፣ በጥቁር አፈር ላይ በተሠራው ቤታችን ግቢ እናቴ ሦስት ጽጌረዳዎች ተክላ ነበር። አንድ ክረምት የሦስቱም ቅጠል ቢጫ እየሆነ ይረግፍ ጀመር። እናቴ ብታማክረኝ ጊዜም ሳልወስድ «ማዳበሪያ አንሷቸዋል» ብዬ ፈረድሁ። ለሦስቱም ዩሪያ በተንሁ፤ የተባይ መድኃኒትም ረጨሁ። ብዙ ሳይቆይ ከሁሉ አብልጣ የምትወዳት ቀይዋ ጽጌረዳ ደረቀች።

እናቴም እየነቀለቻት «ልጄ፣ የሰው ቤት ልትሠራ ስትሄድ አስቀድመህ ጉድጓድ ታስቆፍራለህ፤ የእኔን አበባ ግን ከላይ አይተህ ፈረድህባት» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። የቀይዋ ሥር ጠቁሮና በስብሶ፣ ጉድጓዱም ውኃ ቋጥሮ ተገኘ። ሁላችን እንደምናውቀው ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ያብጣል፤ ውኃም በቀላሉ አያሳልፍም። አየር ያጣ ሥር ይታፈናል። የእኔ ዩሪያ በውኃ ለሚሰጥም ሰው እንጀራ እንደ መወርወር ሆነ።

ከዚያ በኋላ የቀሩትን ሁለቱን በጥሞና መረመርሁ። ከግንቡ አጠገብ ያለችው ቢጫ የሆኑባት አዲሶቹ ቅጠሎች ሲሆኑ ጅማታቸው ግን አረንጓዴ ነበር። ናይትሮጂን ያነሰው ተክል አስቀድሞ ቢጫ የሚሆንበት አሮጌው ቅጠል ስለ ሆነ፣ ችግሩ ሌላ መሆኑ ታወቀ። ብንቆፍር ከቤቱ ሥራ የተረፈ የሲሚንቶና የኖራ ፍርስራሽ ወጣ። ኖራ የበዛበት አፈር አልካላይን ስለሚሆን፣ በውስጡ ብረት እያለ እንኳ ሥር ሊስበው ይቸገራል። ፍርስራሹን አውጥተን ብስባሽ ጨመርንበት።

የሦስተኛይቱ ቅጠሎች ደግሞ ዳራቸው የተበጣጠሰ፣ ክብ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ነበሩባቸው። ይህ ጥቁር ነጠብጣብ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ነው፤ ቅጠል ለ7 ሰዓት ያህል እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ይይዘዋል። የተባይ መድኃኒት አይነካውም። የረገፈውን ቅጠል ለቅመን አቃጠልን፤ ነፋስ እንዲገባ መካከሏን በንጹሕ መቀስ ገረዝን፤ ማጠጣቱንም ጧት ጧት ከእግሯ ሥር ብቻ አደረግነው።

እንግዲህ ሦስቱም ቢጫ ነበሩ፤ የሦስቱም ሕመም ግን የተለያየ ነበር። ስለዚህ መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የታመመው አሮጌው ቅጠል ነው ወይስ አዲሱ? ነጠብጣብ አለበት ወይስ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ቀርቷል? ከሥሩ ያለው አፈርስ ውኃ ያሳልፋልን? ለዚህ የመጨረሻው፣ 30 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውኃ ሙሉበት፤ ሲሰርግ እንደ ገና ሙሉት። በማግሥቱም ውኃው ካልጎደለ መደቡን ከፍ አድርጋችሁ ትከሉ።

ምክንያቱን ሳንመረምር የግድግዳን ስንጥቅ በልስን የሸፈንን እንደ ሆነ ስንጥቁ ተመልሶ እንደሚመጣ እናውቃለን። ይህን በሥራዬ እያወቅሁ በእናቴ ደጅ ረሳሁት። ሁለቱ ጽጌረዳዎች ዛሬ ደኅና ናቸው። በቀይዋ ቦታ ላይ ግን፣ ከፍ ባለ መደብ፣ እናቴ ሌላ ተክላለች፤ እኔንም ሳታማክር።