በዝናም ቀን የታየች ከተማ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዛሬው ትምህርታችን የምንናገረው ስለ ባልና ሚስት ትዕግሥት ነው። ትዕግሥት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ረኀብን፥ ደዌንና ስደትን ነው። ነገር ግን ጋብቻን የሚጎዳው ታላቁ መከራ ብቻ አይደለም፤ ታናሹም ይጎዳዋል። ቤት በጎርፍ እንደሚፈርስ ሁሉ በጠብታም ይፈርሳልና።

ለዚህም ምሳሌ እንዲሆነን፥ በአርባ ምንጭ ላይኛው ከተማ በሴቻ የሚኖሩ ባልና ሚስት የደረሰባቸውን እንተርካለን። ታሪኩን ያጫወቱን ራሳቸው ናቸው፤ ስማችን ሳይጠራ ለሌላው ትምህርት ይሁን ብለውም ፈቅደዋል።

ባል የሙዝ ነጋዴ ስለ ሆነ አዲስ አበባን ብዙ ጊዜ አይቷታል። ሚስት ግን ልጅ ስታሳድግና ቤት ስትጠብቅ፥ ከተማዪቱን አንድ ቀን እንኳ ሳታይ ሃያ ዓመት አለፈ። “አሳይሻለሁ” የሚለው ቃል ከሠርጋቸው ጀምሮ ያልተከፈለ ዕዳ ነበረ። በመጨረሻም በሐምሌ ወር፥ የልጆቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፥ ተነሥተው ሄዱ።

የሴቻ ሰው እንደሚያውቀው፥ የአርባ ምንጭ ዋናው ዝናም በሚያዝያና በግንቦት ይወርዳል፤ በሐምሌ ግን ጋብ ይላል። በአዲስ አበባ ደግሞ ሐምሌ የክረምቱ ጽናት ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ሞቃት አገር ስትሆን፥ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ደጋ ናት። ሚስት በነጠላዋና በዐዲስ ጫማዋ፥ ባል በስስ ኮቱ፥ ያለ ጃንጥላ ወጡ።

አሳባቸው በማለዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ሊወጡ፥ በኋላም አራዳ ጊዮርጊስን ሊሳለሙና መርካቶን ሊያዩ ነበር። አራት ኪሎ ሲደርሱ ግን ዝናሙ ወረደ። ባል ተቈጣ። “ይህን ወር የመረጥሽ አንቺ ነሽ፤ ገንዘቤንም ቀኔንም ውኃ አስበላሽኝ” አላት። እርስዋም፥ “የልጆቼ አባት፥ ሃያ ዓመት የጠበቅሁት ይህን ቃል ልሰማ ነውን?” ብላ ዝም አለች።

ምእመናን ሆይ፥ አስተውሉ። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 እንዳስተማረን፥ ዝናም የሰማዩ አባታችን ለደጉም ለክፉውም ያለ አድልዎ የሚሰጠው ስጦታ ነው። ገበሬ በምሕላ የሚለምነውን ይህን ዝናም ባል የሚስቱ በደል አደረገው። ሰው በሰማይ ላይ መቈጣትን ስለሚፈራ፥ ቍጣውን በአጠገቡ ባለው ላይ ያወርዳልና።

ከዚህ በኋላ መጠለያ ፍለጋ ወደ መንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሄዱ። በደጃፉ ጫማቸውን ሲያወልቁ የሚስት ጣቶች በብርድ ደንዝዘው ማሰሪያውን መፍታት ተሳናቸው። ባል ጥቂት ቆሞ ተመለከተ፤ ኋላም ዝቅ ብሎ ፈታላት፤ እግርዋንም በኮቱ ጫፍ አደረቀ። እኛ ካህናት በጸሎተ ሐሙስ የጌታን ትሕትና አብነት አድርገን የምእመናንን እግር እናጥባለን። ያ ሥርዓት በዓመት አንድ ቀን ተፈጽሞ እንዲቀር አልታዘዘም፤ በየቤታችን እንድንኖርበት ነው እንጂ።

ገብተው ከጸለዩ በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴንና የእቴጌ መነንን መቃብር አዩ። ሁለቱ የድንጋይ መቃብሮች ጎን ለጎን ናቸው። እቴጌ መነን ያረፉት በየካቲት 1954 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በእስር ሳሉ ሞቱ። ዐፅማቸው በ1984 ዓ.ም. ተቈፍሮ እስኪወጣ ድረስ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ያለ ክብር ተቀብሮ ነበር፤ በዚህ ካቴድራል ያረፈው በጥቅምት 1993 ዓ.ም. ነው። ይህም ባለቤታቸው ካረፉ 38 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ዘውድም ዙፋንም ሠራዊትም ቀረ፤ ከሚስታቸው ጎን ያለች ስፍራ ግን ተገኘችላቸው።

ባል ይህን አይቶ፥ “እነርሱ ከሞት በኋላ ጎን ለጎን ሆኑ፤ እኛስ በሕይወት ሳለን አንድ ቀን አብረን መቆም አቃተን?” አለ። ሚስቱንም ይቅርታ ለመናት። ዝናሙ እስከ ማታ አላባራም፤ እንጦጦንም መርካቶንም ሳያዩ ቀሩ። አንድ ኮት ለሁለት ደርበው ከአንዲት ምግብ ቤት ገቡ፤ ትኩስ ሽሮ ቀማመሱ፤ በማግሥቱም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ዛሬ ሰዎች “አዲስ አበባን አየሽ ወይ?” ሲሏት፥ ሚስት “አዎን፤ ባለቤቴ አሳይቶኛል” ብላ ትመልሳለች።

ስለዚህ ባሎች ሆይ፥ ለሚስቶቻችሁ የገባችሁትን ቃል አታቈዩ፤ ዕድሜ አይጠብቅምና። ሚስቶችም ሆይ፥ ይቅርታ ሲለመን ደጁን አትዝጉ። ሁላችሁም ቀኑ ሲከፋባችሁ በዳይ አትፈልጉ፤ ቍጣንም ከቤታችሁ አታሳድሩ። ከሴቻ ቁልቁል ስትመለከቱ አባያና ጫሞ ይታያሉ፤ የአንዱ ውኃ ቀላ ያለ፥ የሌላው ሰማያዊ ነው። በመካከላቸው ያለውን ምድር ሕዝቡ የእግዜር ድልድይ ይለዋል። ባልና ሚስትም በጠባይ ይለያያሉ፤ በመካከላቸው የሚያሻግረው ይቅርታ ነው።

ዝናሙን በወቅቱ የሚያወርድ አምላክ ትዳራችሁን ይባርክ፤ በሰላም ያኑራችሁ። ለዘለዓለሙ፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።