የጡት ነቀርሳን ስለሚመረምሩ ሦስት መሣሪያዎች
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



በዚህ በደስታችን ቀን ስለ በሽታ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል። ነገር ግን የጡት ነቀርሳ፤ ካንሰር የሚባለው፤ በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚደርሱት የነቀርሳ ዓይነቶች ሁሉ የበዛው ነው። ብዙዎቹም ወደ ሐኪም የሚሄዱት ከጠናባቸው በኋላ ነው። ስለዚህ እናቶቻችን በተሰበሰቡበት ቦታ ዝም ማለት አይገባም።

የመጀመሪያው መሣሪያ ማሞግራም ይባላል፤ ይኸውም የጡት ራጅ ነው። ራጅን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. ያገኘው ጀርመናዊው ሊቅ ሮንትገን ነው። በ1913 ዓ.ም. ደግሞ የበርሊኑ ሐኪም አልበርት ሳሎሞን በቀዶ ሕክምና የወጡ ጡቶችን በራጅ እያነሣ የነቀርሳን መልክ አጠና። ምርመራው ሲደረግ ጡት በሁለት ሰሌዳዎች መካከል ለጥቂት ሴኮንድ ይጫናል። ይህ ትንሽ ቢያምም ምስሉን ያጠራል፤ የጨረሩንም መጠን ይቀንሳል። ማሞግራም እጅ የማይዳስሰውን ትንሽ እብጠትና እንደ አሸዋ የደቀቀ የካልሲየም ነጠብጣብ ያሳያል። ጉድለቱ ግን ጥቅጥቅ ያለ የጡት ሥጋም ነቀርሳም በራጁ ላይ ነጭ ሆነው መታየታቸው ነው። ከዚህም የተነሣ፤ በተለይ በወጣት ሴቶች፤ ነቀርሳው ሊሰወር ይችላል።

ሁለተኛው አልትራሳውንድ ነው። ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ይልክና የገደል ማሚቶውን ተቀብሎ ምስል ይሠራል። ነፍሰ ጡር እናት ፅንሷን የምታየው በዚሁ መሣሪያ ነው፤ የራጅ ጨረር የለበትም። እብጠቱ ውሃ የቋጠረ ወይም ድፍን መሆኑን ይለያል። ይሁን እንጂ ደቃቁን ነጠብጣብ እንደ ማሞግራም አጥርቶ ስለማያሳይ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ሦስተኛው ኤም አር አይ በብርቱ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ይሠራል። በደም ሥር በሚሰጥ ልዩ መድኃኒት አማካይነት ብዙ ደም የሚስበው ነቀርሳ ጎልቶ ይታያል። ነገር ግን ነቀርሳ ያልሆነውንም ስለሚያጎላና ዋጋው ከባድ ስለሆነ ለሁሉ አይታዘዝም፤ በይበልጥ የሚታዘዘው በዘር ለበሽታው ለተጋለጡ ሴቶች ነው።

ወላጆች ሆይ፤ ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው መላክ የሞት ፍርድ አይደለም። በአሜሪካ ማሞግራም ከሚነሡ 100 ሴቶች 10 ያህሉ ለተጨማሪ ምርመራ ይጠራሉ፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ ነቀርሳ አይገኝባቸውም። ቁርጡን የሚናገረው ባዮፕሲ ነው፤ ይኸውም ከእብጠቱ በመርፌ ጥቂት ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ መመርመር ነው። እንደዚሁም ምስሉ ንጹሕ ነው ተብሎ እብጠቱ ካልጠፋ፤ ተመልሶ ሐኪም መጠየቅ ይገባል።

በአገራችን ማሞግራም በብዛት የሚገኘው በትልልቅ ከተሞች ነው። ነገር ግን አዲስ እብጠት፤ የቆዳ መጨማደድ፤ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ከጫፉ ደም መውጣት የታየባት እናት መሣሪያው እስኪመጣላት መጠበቅ የለባትም፤ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ትሂድ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ጓደኞቼም ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ይህንን ለእናቶቻችሁና ለእኅቶቻችሁ ሳታፍሩ ንገሯቸው።