ለአምልኮ አገልግሎት የሚተከል ተንቀሳቃሽ የድምፅ መሣሪያ



በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚዘዋወር የድምፅ መሣሪያ የአምልኮው አገልግሎት አንድ ክፍል ከሆነ ቆይቷል። ጥቅምት 27 ቀን በቦሌ መድኃኔ ዓለም ካቴድራል ምእመናን ከሕንፃው ተርፈው ዐጸዱን ይሞላሉ። ጥር 12 ቀን የየካ ሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ሲመለስ ዝማሬው በጎዳና ላይ ይጓዛል። ቋሚ ሕንፃ የሌላቸው ጉባኤያትም በተከራዩት አዳራሽ ወይም በድንኳን ተሰብስበው፣ ሲጨርሱ ዕቃቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ። በሁሉም ዘንድ ባለሙያው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተክሎ፣ ፈትኖ፣ መልሶ መንቀል ይኖርበታል።

የዚህ ሥራ መለኪያ ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ሞንታርቦው ምን ያህል ይጮኻል የሚለው ነው፤ ይህም ሕዝቡ ከአንድ የጣሊያን ፋብሪካ ወስዶ ለትልቅ ድምፅ ማጉያ ሁሉ የሰጠው ስም ነው። ሆኖም መጠየቅ የሚገባው ሌላ ነው፤ ይኸውም ከሁሉ ኋላ የቆመችው አሮጊት ቃሉን ለይታ ሰማች ወይ? ማይክሮፎን የጨበጠው ዲያቆን በደኅና ቤቱ ገባ ወይ? በጎረቤት የተኛው ሕመምተኛ ዕረፍት አገኘ ወይ? የሚል ነው።

አንደኛው ነገር መሰማት ነው። በገላጣ ስፍራ ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይወርዳል። ስለዚህ ከማጉያው 40 ሜትር ርቆ ለቆመው ሰው፣ በ5 ሜትር ከቆመው ይልቅ በ18 ዴሲቤል ያነሰ ይደርሰዋል። ይህን በኃይል ብቻ ለማካካስ ቢታሰብ ከ60 እጥፍ በላይ ዋት ይጠይቃል፤ ፊት የቆሙትም ጆሮአቸውን ይይዛሉ። መፍትሔው ማጉያውን ከሰው ራስ በላይ ከፍ ማድረግና ከመካከሉ አነስተኛ ማጉያዎች መጨመር ነው። በአዲስ አበባ አየር ጠባይ ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ፣ 34 ሜትር ወደ ኋላ የተተከለው ማጉያ በ100 ሚሊ ሴኮንድ ካልዘገየ ቃሉ ሁለት ጊዜ ይሰማል። በዚያ ላይ 10 ወይም 15 ሚሊ ሴኮንድ ቢጨመርለት ጆሮ ድምፁን ከሰባኪው አቅጣጫ እንደመጣ አድርጎ ይቀበለዋል።

የማይክሮፎን ብዛትም ረዳት አይደለም። የተከፈቱት ማይክሮፎኖች ቁጥር እጥፍ ሲሆን፣ ፉጨት ሳይነሣ የሚገኘው ጉልበት በ3 ዴሲቤል ይቀንሳል። በማኅሌት ጊዜ ከበሮና ጸናጽል በራሳቸው ይሰማሉ፤ ማይክሮፎን የሚሻው የመሪው ድምፅ ነው። በንግግሩ መስመር ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን መቁረጥም የከበሮው ጉምታ ቃሉን እንዳይሸፍነው ይረዳል።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ነገር ነው፤ ይህም የሕይወት ጉዳይ ነው። ከማጉያው ውስጥ ኅም የሚል ድምፅ ሲያስቸግር፣ የመሬት ሽቦውን ቆርጦ መገላገል የሚመርጥ ሠራተኛ አለ። ድምፁ በርግጥ ይጠፋል። ነገር ግን በመሣሪያው ውስጥ አንድ ሽቦ ቢላጥ 220 ቮልት ማይክሮፎኑ ገላ ድረስ ሊደርስ ይችላል። ካህኑና ዲያቆኑ ደግሞ ጫማቸውን አውልቀው፣ አንዳንዴም ዝናብ ባራሰው መሬት ላይ ይቆማሉ። ትክክለኛው መድኃኒት ሚክሰሩንና አምፕሊፋየሩን ከአንድ የኃይል ምንጭ መመገብ፣ ካስፈለገም በድምፁ መስመር ላይ መለያ ትራንስፎርመር ማስገባት ነው። የመሬት ሽቦ በምንም ምክንያት አይቆረጥም።

መብራት ጠፍቶ ጀኔሬተር ሲነሣም፣ ኑዩትራሉ ከጀኔሬተሩ ገላና ከመሬት ጋር መያያዙ ይመርመር። ያለዚያ በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ ሊቆርጥ የሚገባው መከላከያ ላይቆርጥ ይችላል፤ የመፈተኛ ቁልፉን መጫን ብቻውንም ይህን አያረጋግጥም። የሽቦው ውፍረትም አይናቅ። 50 ሜትር የሚረዝም ባለ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ 10 አምፔር ሲሸከም 17 ቮልት ያህል በመንገድ ይቀራል፤ በባለ 2.5 ግን 7 ቮልት ብቻ ይጎድላል። ከተማዪቱም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች፣ ስሱ አየር መሣሪያን የማቀዝቀዝ አቅሙ ያነሰ ነው። ስለዚህ አምፕሊፋየር ለጌጥ ሲባል በጨርቅ አይሸፈን።

ሦስተኛው ጎረቤት ነው። በገርጂ፣ በሰሚት፣ በሲ.ኤም.ሲ.ና በአያት ቤተ እምነትና መኖሪያ ቤት ተጎራብተው ይገኛሉ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ ልክ በመስፈርት እንዲወሰን ይደነግጋል፤ ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠውም ጣሪያ በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ከአጥር ውጭ የሚፈሰው ድምፅ ለአድማጩ ያልደረሰ፣ ያልጠየቀውን ግን የቀሰቀሰ ድምፅ ነው። ማጉያዎች በርከት ብለው፣ አነስ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ምእመናኑ ዝቅ አድርገው ቢተከሉ፣ ኋላ የቆመችውን አሮጊት የሚጠቅማት ያው ሥራ ሕመምተኛውን ያሳርፈዋል።

ይህን ሁሉ የሚሠሩት ብዙ ጊዜ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ናቸው። ትጋት አላቸው፤ የሚጎድላቸው የሚያሳያቸው ሰው ነው። እያንዳንዱ የማኅበሩ አባል ከመጪው በዓል አስቀድሞ አንድ ቅዳሜ ወደሚቀርበው አጥቢያ ሄዶ፣ ከወጣቶቹ ጋር የመሬት ሽቦውን ቢፈትሽና ከኋላ ቆሞ ቃሉን ቢያዳምጥ፣ ሙያው ለተጠቃሚው ደረሰ ማለት ነው።