ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ላሉ ልጆቻችን የትኛውን መጽሐፍ እንስጣቸው?

በፔታሕ ቲክቫ ለወላጆች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ ከሥራ ውላችሁ፣ ደክሟችሁ ሳለ ስለ ልጆች መጽሐፍ ለመስማት በመምጣታችሁ እናመሰግናለን። ስብሰባው ስለ ማሽካንታ ቢሆን ኖሮ አዳራሹ እስከ በሩ ይሞላ እንደነበር እናውቃለን። ቢሆንም የመጣችሁት ጥቂት አይደላችሁም።

እኛ በመምህራን ማሠልጠን ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ከወላጆች ጋር በተገናኘን ቁጥር የማይቀርልን አንድ ጥያቄ አለ። «ልጄ ጋን ሳለች መጽሐፍ ይዛ ጭኔ ላይ ትወጣ ነበር። ኪታ ዳሌት ከደረሰች ወዲህ ግን መጽሐፍ ስታይ ፊቷን ታዞራለች። ምን ነካት?» እንባላለን። አንዳንዱ ወላጅ በስልኩ ያሳብባል፣ አንዳንዱ በልጁ ስንፍና። ስልኩ የራሱ ድርሻ አለው፤ አንክድም። ነገር ግን ችግሩ ከስልክ በፊትም ነበረ። በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጣን ልጆች ሁሉ እናውቀዋለን። (ዓመቶቹን የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በዘመቻ ጹር እስራኤል የገቡት ቤተሰቦች ልጆችም ዛሬ እዚያው ቦታ ላይ ናቸው።

እስቲ ምክንያቱን እንመልከት። ልጆቻችን በትንሽነታቸው መጽሐፍ የሚያገኙት ሳይጠይቁ ነው። ከ2009 ጀምሮ «ሲፍሪያት ፒጃማ» የሚባለው ፕሮግራም በጋን በኩል በነጻ መጽሐፍ ወደ ቤት ይልካል፤ በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ቤት ዓመታትም ይቀጥላል። በብዙዎቻችን መደርደሪያ ላይ ያሉት የልጆች መጻሕፍት ከዚያ የመጡ ናቸው። ልጁ ከፍ ሲል ስጦታው ይቀራል። የሚቀረው ደግሞ ልጁ ብቻውን አንድ ሙሉ መጽሐፍ ሊጨርስ በሚችልበት ዕድሜ ላይ ነው።

በዚያው ጊዜ ሌላም ነገር ይቀራል፤ እርሱም ኒኩድ ነው። ይህን በአማርኛ ማንበብ ለምትችሉ ማስረዳት ቀላል ነው። የእኛ ፊደል ድምፁን ይዞት ይሄዳል፤ በ፣ ቡ፣ ቢ እያልን እያንዳንዱ የራሱ መልክ አለው። ቃሉን ሰምቶት የማያውቅ ሰው እንኳ፣ መጥበቅና መላላቱን ቢስት ነው እንጂ፣ አይቶ ይጠራዋል። ዕብራይስጥ እንዲህ አይደለም። በትንንሾቹ መጽሐፍ ከፊደሉ ሥር ነጥቦችና ሰረዞች አሉ፤ ከኪታ ጊሜልና ከኪታ ዳሌት ወዲህ ነጥቦቹ ቀስ በቀስ ይጠፋሉ። ሳሜኽ፣ ፔ፣ ሬሽ የሚባሉት ሦስት ፊደሎች ያለ ነጥብ ሲጻፉ «ሴፈር» ተብለው ቢነበቡ መጽሐፍ ማለት ነው፤ «ሳፓር» ቢባሉ ጸጉር አስተካካይ፤ «ሳፋር» ቢባሉ ቆጠረ። (እኛም እህል በቁና «ሰፈረ» እንላለን፤ ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች ናቸው።) አንባቢው የትኛው እንደሆነ የሚለየው ቃሉን አስቀድሞ ሰምቶት ሲያውቅ ነው። እንግዲህ በቤቱ ቀኑን ሙሉ ዕብራይስጥ ሲሰማ የሚያድግ ልጅና አማርኛ ወይም ትግርኛ ሲሰማ የሚያድግ ልጅ በአንድ ገጽ ፊት ሲቀመጡ አጀማመራቸው እኩል አይደለም። ይህ የአእምሮ ጉዳይ አይደለም፤ ማንም እንዲህ ብሎ ቢነግራችሁ አትቀበሉት። ልጁ የጎደለው የቃል ብዛት ነው። በሰፈር ጨዋታ ላይ የሚነገረው ቃል ጥቂት ነው፤ ተመላልሶ ያው ነው። ብዙው ቃል ያለው በመጽሐፍ ውስጥ ነው። ልጁ ግን በየመስመሩ ሲደናቀፍ ያፍራል፤ ያፈረበትን ነገር ደግሞ ማን ይወዳል?

በ2009 በዚህ በከተማችን አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የቤተ እስራኤልን ልጆች አንቀበልም ብለው ነገሩ የአገር ዜና እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። እንዲህ ያለውን በር የሚያስከፍተው ሰልፍና ሕግ ነው፤ ያንን ሥራ አንተውም። የሲፍሪያው በር ግን ዛሬም ክፍት ነውና ሰልፉ እስኪያልቅ የምንጠብቅበት ምክንያት የለም።

አሁን «እኔ ራሴ ዕብራይስጥ አላነብም፤ ለልጄ ምን ላደርግለት እችላለሁ?» ወደሚለው እንምጣ። ይህን የሚሉን ወላጆች ብዙውን ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ዝቅ ማድረግ አያስፈልግም። በወገራ፣ በደምቢያ፣ በስሜን፣ በትግራይ ያሳደጉን አያቶች አብዛኞቹ ፊደል አልቆጠሩም፤ ነገር ግን ማታ እሳት ዳር ተረት ሲጀምሩ አንድ ልጅ አይተኛም ነበር። የታሪክን አካሄድ፣ የት ላይ ዝም ብሎ ልጁን ማስጨነቅ እንደሚገባ፣ ሞኙ መቼ ብልጥ እንደሚሆን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ይህ ችሎታ እናንተም ዘንድ አለ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ልጁ አንድ ምዕራፍ ያንብብ። ማታ ቡና ሲፈላ ወይም ዓርብ ከእራት በኋላ ያነበበውን በአማርኛ ይንገራችሁ። እናንተ «ከዚያስ?» በሉት። «አባትዬው ለምን ዝም አለ?» «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። የአማርኛ ቃል ሲጠፋው አያቱ ያቀብሉት። ግማሹን በዕብራይስጥ ቢናገር አትሳቁበት፤ አታርሙትም። ለመንገር ሲል መጽሐፉን አስተውሎ ያነባል፤ ሳያውቀው ሁለት ቋንቋ ይሠራል። ለዚህ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ማንበብ ለማትችሉት ደግሞ ሌላ አለ፤ ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ሥራችሁን ትታችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። ባይገባችሁም መስማታችሁን ያያል።

ይህን የምንለው በሌላ ምክንያትም ነው። ልጆቻችን ገና በዘጠኝና በአሥር ዓመታቸው አስተርጓሚዎቻችን ሆነዋል። በኩፓት ሖሊም፣ በባንክ፣ በቢቱዋሕ ለኡሚ መስኮት ፊት ቆመው የአባታቸውን ዕዳና የእናታቸውን ሕመም በዕብራይስጥ ይናገራሉ። ለልጅ ከባድ ሸክም ነው፤ የቤቱንም ሥርዓት ያናጋል፤ ልጁ አዋቂ፣ አባትየው ጠያቂ ይሆናል። ታሪክ ሲነግራችሁ ግን የሚያስተረጉመው ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ስለ ታሪኩ ቁም ነገር ደግሞ ከእርሱ የበለጠ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ይህን ከዚህ በታች በአንድ መጽሐፍ ላይ እናሳያችኋለን።

መጽሐፍ ስትመርጡ መድኃኒት እንደምትገዙ አትሁኑ። «ይህ ይጠቅምሃል» ተብሎ የተሰጠውን መጽሐፍ ልጅ አይጨርሰውም። ያሥቀው፣ ያስፈራው፣ ያጓጓው። ሥዕል የበዛበት ኮሚክስ ቢወድ ይውሰድ፤ እርሱም ንባብ ነው።

ንባብ ለሚከብደው ልጅ መጀመሪያ የምንሰጠው የጋሊላ ሮን ፈደርን «ሚንሀራት ሃዝማን» ነው፤ የጊዜ ዋሻ ማለት ነው። ዳንና ሻሮን የሚባሉ ሁለት ልጆች በአንድ ዋሻ በኩል ወደ ቀድሞ ዘመን እየሄዱ በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ ይገባሉ። ከ1997 ጀምሮ ብዙ መጻሕፍት ወጥተውለታል። ታላቅ ሥነ ጽሑፍ ነው አንልም፤ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ታሪኩ ይሮጣል፣ አንዱን የጨረሰ ልጅ ቀጣዩን ይጠይቃል። እኛ የምንፈልገው ያንን መጠየቅ ነው።

የዚህችው ደራሲ «ኤል ዓጽሚ»፣ ለራሴ ማለት ነው፣ መጀመሪያ የወጣው በ1976 ነው። ጽዮን ኮሄን የሚባል የድኻ ቤት ልጅ ከቤተሰቡ ተለይቶ ሌላ ቤተሰብ ዘንድ ሲኖር የሚጽፈው ማስታወሻ ነው። በሁለት ቤት መካከል መኖርን፣ በአንዱ ማፈርን፣ በሌላው እንግድነትን ይናገራል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ወደ ፕኒሚያ የተላክን ሁሉ የጽዮንን ልብ እናውቀዋለን። ልጃችሁ ሲያነበው እናንተ በፕኒሚያ ያያችሁትን ብትነግሩት ሁለት መጽሐፍ አነበበ ማለት ነው።

«ኤሚል ቬሃባላሺም» ከጀርመንኛ የተተረጎመ ነው። ኤሪኽ ኬስትነር የጻፈው በ1929 ነው። ኤሚል ጸጉር በመሥራት የምታሳድገው እናቱ ለአያቱ እንዲያደርስ የሰጠችውን ገንዘብ በባቡር ውስጥ ይሰረቃል፤ በርሊን ሲደርስ የማያውቃቸው የከተማው ልጆች ተሰብስበው ሌባውን ያሳድዱለታል። የድኻ እናት ገንዘብ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ መጽሐፍ ነው፤ ደግሞም ያሥቃል። ናዚዎች በ1933 ካቃጠሏቸው መጻሕፍት መካከል የዚህ ደራሲ መጻሕፍት ነበሩ። ሃሪ ፖተርን ልጆቹ ራሳቸው ያውቁታል፤ ውፍረቱ ካላስፈራቸው አትከልክሏቸው።

አሁን ወደ ኡሪ ኦርሌቭ እንምጣ። መጽሐፉ «ሃኢ በርሖቭ ሃጺፖሪም» ይባላል፤ በወፎች ጎዳና ያለው ደሴት ማለት ነው፤ የወጣው በ1981 ነው። አሌክስ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው። በጦርነቱ ጊዜ በፖላንድ በአንድ ጌቶ ውስጥ ሰዉ ሁሉ ሲወሰድ እርሱ በፈረሰ ሕንጻ ውስጥ ተደብቆ አባቱን ይጠብቃል። አብራው ያለችው አንዲት ነጭ አይጥ ናት። ምግብ ይፈልጋል፣ ገመድ መሰላል ይሠራል፣ የሰው ኮቴ ሲሰማ ትንፋሹን ይውጣል። ኦርሌቭ ይህን ከሐሳቡ ብቻ አልጻፈውም፤ በ1931 በዋርሶ ተወልዶ ልጅነቱን በዚያው ጌቶ ያሳለፈ ሰው ነው። በ1996 ለልጆች ደራስያን በዓለም ከሚሰጡት ሽልማቶች ታላቁን፣ የሀንስ ክርስቲያን አንደርሰንን ሽልማት አግኝቷል። በ2022 ዐረፈ።

ይህን መጽሐፍ ከአሥር ዓመት በታች ላለ ልጅ አትስጡ፤ ያስፈራል። ለትልልቆቹ ግን ስጡ፤ ልጁ ማታ ሲነግራችሁም በደንብ አዳምጡ። ከመካከላችን በሌሊት በእግር ወደ ሱዳን የሄዱ አሉ፤ ማንነታቸውን ደብቀው በገዳሪፍ ስደተኛ ካምፕ የቆዩ አሉ፤ አባት ቀድሞ ሄዶ፣ እናት በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ ዓመታት የጠበቀች አለች። መደበቅና መጠበቅ ምን እንደሆነ የትኛው መምህር ከእናንተ የበለጠ ያውቃል? ብዙዎቻችን ያን ጉዞ ለልጆቻችን አልነገርንም። ከየት እንደሚጀመር ስለማናውቅ ነው። አሌክስ ገመዱን ሲሠራ «እኛም እኮ...» ብሎ መጀመር ይቻላል። አባቱ ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ አንነግራችሁም፤ ልጃችሁ ይንገራችሁ።

የዴቦራ ኦሜር «ሃብኾር ለቤት አቢ» በ1967 ወጣ። የኤሊዔዘር ቤን ይሁዳን ልጅ የኢታማርን ታሪክ ይነግራል። ኢታማር በ1882 በኢየሩሳሌም ተወልዶ በዘመናችን ከዕብራይስጥ በቀር ሌላ ሳይሰማ እንዲያድግ የተደረገ የመጀመሪያው ልጅ ነው። አባቱ ሌላ ቋንቋ በቤቱ እንዳይነገር ከለከለ። ልጁ የሚያጫውተው እኩያ አጣ፤ ብዙ ጊዜም ሳይናገር ቆየ። እናቱ አንድ ቀን በሩስኛ ስታባብለው ባልዬው ሰምቶ እንደተቆጣ በቤተሰቡ ታሪክ ይነገራል። የቤን ይሁዳን ውለታ እናከብራለን፤ ዛሬ የምንናገረው ዕብራይስጥ የእርሱ ድካም አለበት። ነገር ግን ይህን መጽሐፍ ስናነብ ልባችን ወደ እናትዬው ያዘነብላል። ለልጆቻችሁ አማርኛ እንዳታወሩ፣ ዕብራይስጣቸውን ያበላሻል ብለው የመከሯችሁ ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን። አትስሟቸው። በተሰባበረ ዕብራይስጥ ከምታባብሉት ልጅ ይልቅ በሙሉ አማርኛ የምታጫውቱት ልጅ ብዙ ነገር ይሰማል።

ስለ ራሳችን የተጻፈስ? ለአዋቂዎች የአስፉ ብሩ «ያሬአሕ አሔር» በ2002፣ የኦምሪ ተገኘምላክ አቬራ «አስትራይ» በ2008 ወጥተዋል፤ እናንተ ወይም ትልልቆቹ ልጆቻችሁ አንብቧቸው። ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ላሉት ግን መደርደሪያው ገና ባዶ ሊባል የሚችል ነው። በእንግሊዝኛ የሶንያ ሌቪቲን «ዘ ሪተርን» (1987) ደስታ የምትባል ልጃገረድ ወደ ሱዳን ያደረገችውን ጉዞ ይተርካል። በኢትዮጵያ ያደገችው ጄን ከርትዝ በ1998 ባወጣችው «ዘ ስቶሪቴለርስ ቢድስ» ውስጥ ደግሞ አንዲት የቅማንት ልጅና አንዲት ዐይነ ስውር የቤተ እስራኤል ልጅ አብረው ይሰደዳሉ። ሁለቱም በጥሩ ልብ ተጽፈዋል። ሁለቱም ግን በእኛ እጅ አልተጻፉም፤ ይህም በአንዳንድ ገጽ ላይ ይታወቃል። በ1955 እና በ1956 ከኢትዮጵያ ወደ ክፋር ባትያ የተላኩት ልጆች መምህር ሆነው እንዲመለሱ ነበር የታሰበው፤ ዮና ቦጋለም የዕብራይስጥና የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅተውልናል። እነዚያ ሰዎች ባዶ መደርደሪያ አይተው አልተቀመጡም። ከእናንተ ልጆች መካከል በአሥራ ሁለት ዓመቱ የአያቱን ጉዞ በደብተር የሚጽፍ ካለ አምጡልን፤ በዚህ ጋዜጣ በሁለቱም ቋንቋ እናወጣለታለን።

የመጻሕፍቱን ስም በዕብራይስጥ አጠራሩ የነገርናችሁ ሲፍሪያ ስትሄዱ እንዲረዳችሁ ነው። የማታነብ እናት ብትሆኑም ስሙን ጠርታችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጽ እዚያው ያንብብ። ከአምስት በላይ የማያውቀው ቃል ከገጠመው ለአሁኑ ይቆየውና ቀለል ያለ ይውሰድ። ስሞቹን በአማርኛና በዕብራይስጥ ፊደል ጽፈን አባዝተናል፤ ወረቀቱ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። ጥያቄ ያላችሁ አሁን እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ ከተቀመጡት እናቶች እንጀምር።