ከሰባራ ድልድይ እስከ ቀላድ



የዛሬ ተመራቂዎች፣ ከመካከላችሁ ግንባታ የተማራችሁ፣ ቅየሳ የተማራችሁ አላችሁ። ሁለቱንም ሙያ ስለሚነካ ነገር ልናገር፤ ያለፈን ነገር መልሶ ስለ ማንሳት።

ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ ሰባራ ድልድይ አለ። በአፄ ፋሲል ዘመን በድንጋይና በኖራ ተሠርቶ ጎጃምንና በጌምድርን ያገናኝ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት ተብሎ መሃሉ ተቆረጠ ይባላል። ከዚያ ወዲያ ስድሳ ዓመት ያህል ሰው እንዴት ተሻገረ መሰላችሁ? በወዲህም በወዲያም ጉልበተኞች ይቆማሉ። መንገደኛው ወገቡን በገመድ ይታሰራል፤ ወዲያ ያሉት ይስባሉ፣ ወዲህ ያሉት ቀስ እያሉ ይለቁለታል። ከእግሩ በታች ዓባይ ይጮኻል። ገበያተኛውም፣ ዘመድ ጠያቂውም የሚሻገረው እንዲህ ነበር።

የዚህን መሻገሪያ ፎቶግራፍ መጽሔት ላይ ያየ አንድ አሜሪካዊ በ1994 ዓ.ም. ከአካባቢው ሰው ጋር ሆኖ የተቆረጠውን መሃል በብረት አስገጠመው። ብዙም ሳይቆይ ክረምት የሞላው ዓባይ ጠርጎ ወሰደው። በኋላ ከውሃው ከፍ ብሎ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ለእኔ የሚበልጠው ይህ ሁለተኛው ሥራ ነው። የፋሲል ግንበኞች ድንጋይ የጠረቡት ሰው እንዲሻገር ነው። አሮጌውን ቅስት እወደዋለሁ፣ ሊጠበቅም ይገባዋል፤ ነገር ግን የእነሱን ሐሳብ የፈጸመው ቅርጻቸውን የተወው ድልድይ ነው። ግንባታ የተማራችሁ፣ አሮጌ ነገር አድሱ ስትባሉ መጀመሪያ ለምን እንደተሠራ ጠይቁ።

ሰውን ማንሳት ከድልድይ ይከብዳል። የብቸናው አርበኛ በላይ ዘለቀ አምስት ዓመት ጣሊያንን ተዋግቶ፣ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በገዛ አገሩ መንግሥት ተሰቀለ። ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል። ደግ አደረግን። ግን ጀግንነቱን እየፎከርን ስቅላቱን ከዘለልነው ግማሽ ሰው ነው ያነሳነው።

ወደ መሬት ልምጣ፤ ከልቤ የማይወጣው እሱ ነው። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ሞጣና ብቸና አመፁ። ገበሬው የፈራው ግብሩን ብቻ አልነበረም፤ ቀላድ፣ ማለትም የመሬት መለኪያ ገመድ፣ ተጥሎ ርስቴ ሊወሰድ ነው ብሎም ነበር። መንግሥት በአውሮፕላን ደበደበው፤ በመጨረሻ ግን ውዝፉን ግብር ሰረዘ። ሠላሳ ዓመት ገደማ አለፈና በ1989 ዓ.ም. የመሬት ድልድል መጣ። ሰው በድሮ ሹመቱ ተፈረጀ። በንጉሡ ዘመን ሹም የነበረው «ፊውዳል»፣ በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር አመራር የነበረው «ቢሮክራሲ» ተባለ። ሌላው እስከ 3 ሄክታር ሲፈቀድለት፣ እነዚህ ከ1 ሄክታር፣ ማለትም ከአራት ጥማድ እንዳያልፉ ተወሰነባቸው። መሬት ያልነበራቸው ወጣቶችና ሴቶች በዚያ ድልድል ማግኘታቸው እውነት ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ጎረቤቱን የበደለውና ተመርጠሃል ተብሎ ያገለገለው በአንድ ስም ተጠሩ። አባት ለያዘው ሹመት ልጆች ማሳ አጡ። ያለፈው ዘመን የተነሳው ሊመረመር አልነበረም፤ ሰው ሊቀነስበት ነው። እኔ ይህን በደል እለዋለሁ። ዛሬ እዚህ ከተቀመጡት ወላጆች መካከልም ያንን ስም የተሸከሙ ይኖራሉ።

የቅየሳ ተመራቂዎች፣ ነገ መሣሪያችሁን ይዛችሁ አንድ ማሳ ዳር ስትቆሙ ሽማግሌው ፊቱን ቢያጠቁርባችሁ አትቆጡት። ከእናንተ በፊት የመጡትን ለካዮች እያስታወሰ ነው። ከመለካታችሁ በፊት ተቀመጡና አስወሩት። ድንበሩ በየት እንደነበረ፣ መቼ እንደተገፋ፣ ለማን እንደተሰጠ ይንገራችሁ። በዚያ ድልድል መሬቱን ያገኘው ጎረቤትም ይጠራ፤ እሱም ልጆች አሳድጎበታል። ባሏ የሞተባት ሴት ካለች እሷ ሳትሰማ ችካል አትትከሉ። የሦስቱንም ቃል ጻፉ፤ ከካርታው ጋርም አያይዙት፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ክርክር ሲነሳ ዳኛው የሚያነበው ነገር ይኖረዋል።