ስኳር በሽታና የደም ሥር በሮች
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ስኳር በሽታ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በደም ውስጥ የበዛውን ስኳር ብቻ ነው። በሽተኛውን ውሎ አድሮ የሚጎዳው ግን ስኳሩ በደም ሥሮቹ ላይ የሚያደርሰው ነው። ዛሬ ከዚህ ጉዳት አንዱን፥ ይኸውም የካልሲየም ሥርዓት መታወክን እንመለከታለን።

በትንንሾቹ የደም ሥሮች ግድግዳ የጡንቻ ሴሎች ተጠምጥመዋል። ሲኰማተሩ ሥሩ ይጠብባል፤ ሲላሉ ይሰፋል። የሚያኰማትራቸው ካልሲየም ነው። ከሴሉ ውጭ ያለው ነጻ ካልሲየም ሴሉ ባረፈ ጊዜ በውስጡ ካለው 10,000 ጊዜ ያህል ስለሚበልጥ፥ ሴሉ በሮቹን ተጠንቅቆ ይጠብቃል። በውስጡም የካልሲየም ጎተራ አለው።

ይህን ጎተራ ለመመርመር ሊቃውንት የሚጠቀሙበት ቁልፍ ለእኛ ለማንኪራ ጎረቤቶች እንግዳ አይደለም፤ በዚያ ጫካ በዱር በሚበቅለው ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ነው። በቤተ ሙከራ በብዛት ሲጨመር የጎተራውን በር ይከፍታል፤ የተከማቸው ካልሲየምም ሲወጣ ይለካል። ነገር ግን ቡና ጠጪ አይሥጋ፤ ከሲኒ ወደ ደማችን የሚገባው ከዚያ መጠን እጅግ ያነሰ ነው።

ታዲያ ስኳር ሲበዛ ምን ይሆናል? በ2017 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፥ ዴቪስ፥ ማኑኤል ናቬዶና ባልደረቦቹ አንዱን መንገድ አሳዩ። ስኳሩ በሴሉ ውስጥ አንድ ኤንዛይም ያነቃል፤ ኤንዛይሙም በውጭው የካልሲየም በር ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። በሩ ከልክ በላይ ይከፈታል፤ ሥሩም ይጠብባል። ፎስፌት የሚለጠፍበት ነጥብ በተለወጠባቸው አይጦች ግን ስኳሩ ይህን አላደረገም።

ሥሮች ሲጠብቡ የደም ግፊት ይጨምራል፤ ኩላሊት፥ ዓይንና ልብ ይጎዳሉ። በሽተኛው ግን ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማውም። አምሎዲፒንን የመሰሉ መድኃኒቶች የሚሠሩት ይህንኑ የውጭ በር በመዝጋት ነው። ወተት መተው ግን መድኃኒት አይደለም፤ ጥፋቱ የበሩ እንጂ የምግቡ ካልሲየም አይደለምና።

ስለዚህ ጓደኞቻችን፥ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ ስኳር ላለባቸው ወላጆቻችንና ዘመዶቻችን አንድ ነገር እንንገራቸው። ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ስኳራቸውን ብቻ ተለክተው አይመለሱ፤ ግፊታቸውንም ይለኩ።